የጋሼ ብርሃነመስቀል ሙሾ

ሣህሊቱ ለቅሶ ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምትሄደው ወደ ኩሽና ነው። ሽንኩርት የሚከትፉትን ሴቶች ሦስት ነገር ትጠይቃለች፦ ሟቹ ምን ይወድ ነበር፣ መጨረሻ ያየው ማን ነው፣ ምን ጀምሮ ሳይጨርስ ቀረ። ሦስቱን ካገኘች ይበቃታል። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትለብስና ሳሎን ገብታ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። ሩብ ሰዓት ያህል ዝም ትላለች። ከዚያ ሙሾዋን ትጀምራለች።

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሙሾ ማውረድ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የአፓርታማው ግድግዳ ስስ ነው፣ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል፣ የሕንፃው ማናጀር የማስጠንቀቂያ ወረቀት በበሩ ሥር ያስገባል። አንዴ ሁለት ፖሊሶች ጋርዴና በሚባለው ሰፈር ለቅሶ ቤት ድረስ መጥተው «ማነው የሚደበደበው?» ብለው ጠይቀዋል። ከዚያ ወዲህ ሣህሊቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለጎረቤት እንደምታወራ ሰው ማውረድ ለመደች። የባሰ የሚያስለቅሰው ይኸው ነው የሚሉ አሉ። ውሸት አይደለም።

ዕድሜዋ ስልሳ አንድ ነው። በዲቪ ከመጣች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ቀን ቀን ሚድ ዊልሻየር ሰፈር አንዲት ዘጠና ዓመት ያለፋቸው አሜሪካዊት አሮጊት ትንከባከባለች፤ ታጥባቸዋለች፣ ታበላቸዋለች፣ ኪኒናቸውን በሰዓቱ ትሰጣለች። ማታ የሐበሻ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ካሉበት ከፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ ወዳለችው አንድ ክፍል ቤቷ ትገባለች። ሙሾ ሥራዋ አይደለም፣ ማንም አይከፍላትም፤ ሰው ሲሞት ይደውሉላታል፣ ትሄዳለች። ግን አንድ ሕግ አላት። ሙሾ ለአንድ ሟች አንድ ጊዜ ይባላል፣ አይደገምም። «ግጥሙ የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቃት ሞኝ ሲገኝ «የሟቹ ነዋ» ትላለች። ሰጥታው ነው የምትወጣው። አውቶቡስ ፌርማታ እስክትደርስ ድረስ ስንኙ ከራሷ ጠፍቷል።

ጋሼ ብርሃነመስቀል ሃያ ስድስት ዓመት ታክሲ ነድቷል። የሞተው በጥር ወር፣ ዌስትቼስተር ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ታክሲዎች ተራ በሚጠብቁበት ሜዳ ላይ፣ መሪውን እንደያዘ ነው። ተራው ሲደርስ አልተንቀሳቀሰም። ከኋላው ያሉት ተኝቷል ብለው ክላክስ ነፉበት። በዚያው ሰዓት ሚስቱ ፅጌ ሲመጣ ወተት እንዲይዝ ልትነግረው ስልክ ትደውል ነበር። አሥራ አንድ ጊዜ ደውላለች። ሣህሊቱ ይህን ሁሉ የሰማችው ጋርዴና፣ በፅጌ ቤት ኩሽና ውስጥ ነው። ፅጌ ደግሞ ተራ ሰው አይደለችም፤ ሣህሊቱ አሜሪካ በመጣች በሳምንቷ አውቶቡስ አሳፍራ ከተማውን ያሳየቻት፣ ቋንቋ ሳትችል ሥራ ያስገባቻት ጓደኛዋ ናት።

ድንኳን ስለማይተከል ሰው የተቀመጠው ጋራዥ ውስጥ፣ በሚታጠፍ ወንበር ላይ ነበር። ፅጌ ሁለት ቀን ሙሉ እንባ ጠብ አላላትም፤ ሰው ሲስማት ትሳማለች፣ ብዪ ሲሏት ትበላለች። ሣህሊቱ ጥግ ላይ ሆና እንዲህ አለች፦

ሰው ሲያደርስ ኖረና ከየቤት ከደጁ፣
እሱን የሚሸኘው ታጣ ከወዳጁ።
ስልኩ ይጠራል አሉ መኪናው ውስጥ ሆኖ፣
ማን ያነሳው ይሆን ጌታው እንዲህ ጨክኖ።

ጋራዡ ተንጫጫ። ሃያ ዓመት አብረውት ተራ የጠበቁ ሹፌሮች ግድግዳ ይዘው አለቀሱ። ፅጌም ያን ጊዜ ለቅሶዋ መጣላት። እስኪወጣላት ጮኸች፣ ጎረቤትም እግዜር ይስጠውና ዝም አለ።

የሟቹ የእህት ልጅ ትርሲት ይህን በስልኳ ቀርጻ ነበር። ክፋት አልነበረባትም። ደሴ ያሉት እናቱ የልጃቸውን ለቅሶ እንዲያዩ ብላ ወደ ቤተሰቡ ግሩፕ ላከችው። ከቤተሰቡ አንዱ ለጓደኛው ላከ፣ ጓደኛው አጫጭር ቪዲዮ ወደሚለቀቅበት አፕ አወጣው። የመጀመሪያው ሳምንት ሰው አለቀሰ። «ይቺን እናት የምታውቋት አድራሻ ላኩልኝ» የሚል በዛ። አንዱ ደግሞ «ይሄ ኤአይ ነው፣ እውነተኛ ሰው እንደዚህ አይልም» ብሎ ጻፈና ሁለት መቶ ሰው ተከራከረበት።

በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ልጅ፣ የት አገር እንዳለች እንኳ የማይታወቅ፣ ጓደኛዋ ስልክ አላነሳም ብላ የሣህሊቱን ድምፅ በራሷ ቪዲዮ ላይ ገጠመችውና ዓይኗን እያጉረጠረጠች «ማን ያነሳው ይሆን ጌታው እንዲህ ጨክኖ» የሚለውን በአፏ አስመሰለች። አለቀ። ከዚያ በኋላ ስልክ የማያነሳ ሁሉ የብርሃነመስቀል ሙሾ ወረደለት። ደመወዝ ያዘገየ አለቃ፣ ቧንቧ የማይጠግን አከራይ፣ ጎል የሳተ ተጫዋች፣ ሶፋ ላይ የተኛ ድመት። አንድ ሙዚቃ አቀናባሪ ነኝ ባይ ደግሞ ከሥሩ ከበሮ አስገብቶ «ጨካኙ» የሚል ስም አወጣለትና የራሱ ሥራ ነው ብሎ አስመዘገበው። ልጁ ሣህሊቱን አላናገራትም። ምናልባት በሕይወት ያለች ሰውም አልመሰለችው ይሆናል።

ሣህሊቱ ያየችው አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ሴትዮ አሳይታት ነው። አሮጊቷ ሲተኙ በራሷ ስልክ ከፍታ ሃያ ያህል ቪዲዮ በተከታታይ አየች። አልተናደደችም። አላፈረችም። የገዛ ድምፅዋን የሌላ ሰው እንደሆነ ሁሉ ሰማችው። አንድ ነገር ብቻ ልብ አለች፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ስንኞች ቆርጠው ጥለዋቸዋል። ሰው ሲያደርስ የኖረው ሰውዬ የለም። የቀረው ስልኩ ብቻ ነው። ይህንንም አይታ ስልኳን ዘጋችና የአሮጊቷን ሾርባ ልታሞቅ ተነሳች።

ለፅጌ የነገራት ሰው አልነበረም። ሁሉም ሌላው ይነግራታል ብሎ ተወው። በፋሲካ ጾም አንድ ቅዳሜ ፌርፋክስ ካሉት ሱቆች በአንዱ ሽሮ ልትገዛ ተሰልፋ ሳለ ከፊቷ የቆመው ሰውዬ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጠራ። ጥሪው «ስልኩ ይጠራል አሉ» ነበር፣ ከነከበሮው። ሰውዬው ዘፈኑ እንዳይቋረጥበት ብሎ ሳያነሳ ፈገግ እንዳለ ቆመ። ፅጌ ሽሮውን ባንኮኒው ላይ ጥላ ወጣች፣ ሁለት ብሎክ በእግሯ ሄዳ የሣህሊቱን በር አንኳኳች።

«የብርሃኔን ስልክ ሰው ኪስ ውስጥ ሰማሁት» አለች፣ ሳትቀመጥ።

ሣህሊቱ ወንበር ሳበችላት።

«ታውቂ ነበር?»

«አውቃለሁ።»

«አስጠፊልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ሰው እየሳቀበት እኔ እዚህ አገር መኖር አልችልም።» ይህን ያለችው ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ነው። ከዚያ ተቀመጠችና ውሃ ጠጣች።

ማስጠፋት ግን የቤት ጉድፍ እንደመጥረግ አይደለም። ትርሲት እያለቀሰች የራሷን ቪዲዮ አጠፋች፤ ምንም አልተቀየረም። ፅጌ ራሷ «የባለቤቴ ለቅሶ ነው» ብላ ለአፑ አመለከተች። በሰዓታት ውስጥ መልስ መጣ፦ ማመልከት የሚችለው የሥራው ባለንብረት የሆነ ሰው ብቻ ነው፤ እርስዎ ይህን ሥራ ፈጥረዋል? አልፈጠረችም። ስለዚህ ነገሩ ዞሮ ሣህሊቱ ላይ ወደቀ።

ፍሬው ፌርፋክስ ካሉት ምግብ ቤቶች ከአንዱ በላይ፣ ፎቅ ላይ አንዲት ጠባብ ቢሮ አለችው። ታክስ ይሠራል፣ ግሪን ካርድ ያሳድሳል፣ የፍቺ ወረቀት ይተረጉማል። አምሳ ዓመቱ ነው፣ ግማሹን ፎርም ሲሞላ አሳልፎታል። ሣህሊቱን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ የአፑን ፎርም በኮምፒውተሩ ከፈተና መነጽሩን አደረገ።

«ኦኬ፣ እትዬ ሣህሊቱ። የሥራው ስም ይላል። ስሙ ማን ነው?»

«ሙሾ ስም አለው እንዴ?»

«ሶ፣ ሙሾ ቁጥር አንድ እንበለው?»

«የጋሼ ብርሃነመስቀል ነው። እንደዚያ ብለህ ጻፍ።»

ጻፈ። «ማን ሠራው፣ እርስዎ። ንብረትነቱ የማን ነው?»

«አሁን ነገርኩህ እኮ።»

ፍሬው እጁን ከኪቦርዱ አነሳ። «ሟች ሳይን ማድረግ አይችልም። እዚህ ጋ የሚለው፣ ይህ ሥራ የኔ ብቻ ንብረት ነው፣ ዋሽቼ ብገኝ በሕግ ልጠየቅ ነው። ይሄን ካላሉ አይሄድም።»

«መሐላ ነው?»

«ያው መሐላ ነው። ግን ፎርም ነው እንጂ ንስሐ አይደለም።»

«ለሰው የሰጠሁትን የኔ ነው ብዬ ልማል? ያውም ለሞተ ሰው?»

«ያ ከበሮ የጨመረበት ልጅ ምሎ ነው የወሰደው።»

«እሱ ጋሼ ብርሃነመስቀልን አያውቃቸውም» አለችና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ፍሬው ፎርሙን አስቀምጦ ቆየላት። እንደዚህ ያለ ደንበኛ ገጥሞት አያውቅም፤ እሱ ዘንድ የሚመጣው ሰው ያልሆነውን ነኝ ለማለት ነው የሚቸገረው፣ የሆነውን አይደለሁም የሚል ማየቱ የመጀመሪያው ነው።

ፅጌ ነገሩን ስትሰማ አልተቆጣችም። «ስንት ነገር ሳይን አድርገናል እዚህ አገር፣ ሣህሌ» አለች በስልክ። «ሳናነብ ስንት ነገር ፈርመናል። ይቺ ከበደችሽ?»  ሣህሊቱ ሕጉን ከአክስቷ ነው የወረሰችው፣ አክስቷ ደግሞ ምክንያቱን አልነገረቻትም። እንደዚያ ነው ያደገችው፣ በቃ።

ወደ ፊርማው የመራት ሌላ ለቅሶ ነው። ሚድ ዊልሻየር ዓይናለም የምትባል ነርስ ሞተች። ሣህሊቱ እንደልማዷ ኩሽና ገብታ ሦስቱን ጥያቄዎች ጠየቀች። ዓይናለም ባዛር ላይ ያረጀ የሻይ ማንቆርቆሪያ መግዛት ትወድ ነበር አሏት፤ መጨረሻ ያያት የፎቁ ጽዳት ሠራተኛ ነው፤ ሳትጨርስ የቀረችው የልጇን የሠርግ ጥሪ ወረቀት አድራሻ መጻፍ ነው። ጥሩ ሙሾ የሚወጣው ነገር ነበር። ሳሎን ገብታ ጥግ ስትይዝ ግን ስድስት ሰባት ስልክ ወደ እሷ ዞረ። ሁለት ኮረዶች ተያይተው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። የሟቿ ልጅ የምሥራች፣ ዓይኗ አብጦ፣ ጠጋ ብላ እጇን ያዘችና በጆሮዋ እንዲህ አለቻት፦

«እትዬ፣ ፕሊስ፣ የስልኩን በይልን። ማሚ በጣም ትወደው ነበር። ሁሌ ነው የምትሰማው።»

ሐዘንተኛ አይከለከልም። ሣህሊቱ አፏን ከፈተችና አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ ሙሾ ደገመች። «ጌታው» የሚለውን «እመቤቷ»፣ «ጨክኖ» የሚለውን «ጨክና» ብላ ቀየረች፣ ሌላው እንዳለ ነበር። ስንኙ ቤት እንኳ በትክክል አልመታም። ሰው አለቀሰ። የምሥራች አንገቷ ሥር ገብታ አለቀሰች። ሣህሊቱ የልጅቷን ጀርባ እየደባበሰች፣ ማንቆርቆሪያዎቹን እያሰበች፣ ውስጧ ምንም እንዳልተንቀሳቀሰ አየች። ደንዝዛለች። ጥርስ ሊነቀል መርፌ የተወጋ አፍ እንደዚያ ነው፤ የራስህ መሆኑን ታውቃለህ፣ ስትነካው ግን የለም።

በማግስቱ ከሥራ በፊት ፍሬው ቢሮ ሄደች።

«የት ጋ ነው የምፈርመው?»

ፍሬው አሳያት። በጣቷ ስክሪኑ ላይ ስሟን ጻፈች። «የኔ ብቻ ንብረት ነው» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረገ። የትርሲትን ዋና ቅጂ ከነቀኑ አያያዘ። ላከው። ሁሉም ነገር ሰባት ደቂቃ አልፈጀም።

እውነቱን መናገር ነው፣ ሠራ። በአሥር ቀን ውስጥ ከአርባ ሺህ የሚበልጥ ቪዲዮ ዝም አለ። የ«ጨካኙ» ገጽ ጠፋ። ፅጌ ሣህሊቱ ቤት መጥታ ጎን ለጎን ተቀምጠው አዩት፦ ልጃገረዶቹ አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ዓይናቸውን ያጉረጠርጣሉ፣ ድምፅ የለም። ከሥሩ በትናንሽ ፊደል «ይህ ድምፅ በሣህሊቱ ጥያቄ ተነስቷል» ይላል። ፅጌ ረጅም ሰዓት አየችና «ዛሬ እተኛለሁ» አለች። የሣህሊቱን እጅ ሳመች። ሣህሊቱ እጇን ቶሎ ሳበች፣ ለምን እንደሆነ ግን አልገባትም።

ስድቡ መጣ፤ «ስግብግብ አሮጊት»፣ «በሬሳ የምትነግድ»። እሷ ብዙም አላነበበችውም፣ ያነበበችውም ልቧ አልገባም። የከፋው የሰፈሩ ነበር። ፌርፋክስ ላይ አንድ ወሬ ከዳር እዳር ለመድረስ ከግማሽ ቀን በላይ አይፈልግም። «ሣህሊቱ ሙሾውን በስሟ አስመዘገበች» ተባለ። «ብትቀረጽ ትከሳለች» ተባለ። ለቅሶ ቤት ስትገባ ሰው ስልኩን ደንግጦ ኪሱ ይከታል። ኩሽና ያሉት ሴቶችም ሦስቱን ጥያቄዎች ስትጠይቃቸው መልሱን ያሳጥሩ ጀመር፤ የሟቻቸውን ነገር ከነገሯት የሷ የሚሆን ይመስላቸዋል። አንድ ቤት የሟቹ ወንድም በትሕትና «እርስዎ ዝም ብለው ቢቀመጡልን ይሻላል» አላት። ተቀመጠች። ንፍሮ በልታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት እንደማንኛውም ሰው ገብታ እንደማንኛውም ሰው ትወጣለች፣ ማንም አይጠይቃትም፣ ለእሷም ስንኝ አይመጣላትም። ሐዘን እንኳ አልተሰማትም፤ ቢሰማት ኖሮ ለሰው ትነግር ነበር።

ጥር መጣ፣ የብርሃነመስቀል ሙት ዓመት ደረሰ። ልጁ ኖላዊ ከአትላንታ መጥቶ የአባቱን ፎቶዎች ሰብስቦ ቪዲዮ ሠራ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ እንዲታይ፣ በዚያውም ደሴ ያሉት አያቱ በቀጥታ እንዲያዩት። መጨረሻው ላይ ከቤተሰቡ ግሩፕ የቀረውን የጋራዡን ቀረጻ አስገባ፤ የሹፌሮቹን ለቅሶ፣ የእናቱን ጩኸት፣ አራቱንም ስንኝ። አፑ ላይ ሲጭነው ቀይ ጽሑፍ ወጣበት፦ ይህ ቪዲዮ የሣህሊቱ ንብረት የሆነ ድምፅ ስላለበት አይተላለፍም፤ ፈቃድ መጠየቅ ይችላሉ።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ የሣህሊቱ ስልክ ጠራ። አሮጊቷን ምሳ እያበላች ነበር፤ ማንኪያውን አስቀምጣ አነሳች።

«ሣህሌ፣ ፅጌ ነኝ።»

«እንደምን ዋልሽ።»

«ኖላዊ አንድ ነገር ልኮልሻል፣ ስልክሽ ላይ። የነገው ነው፣ የብርሃኔ…»  ፅጌ እንደ ቀድሞው ብትሆን ትሰድባት ነበር፣ «ምን አባሽ አድርገሽ ነው» ትላት ነበር። ድምፅዋ ግን ቢሮ የመጣ ሰው ድምፅ ነበር። «ለሙት ዓመቱ ብቻ ነው። ትፈቅጅልኛለሽ?»

ሣህሊቱ ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ ከፈተችው። ኖላዊ ጥያቄውን የላከው በፅጌ ስም ነው፣ ከሥሩ ሁለት ቁልፍ። ፍሬው አሳይቷት ስለነበር የትኛው ምን እንደሆነ ታውቃለች። ፈቅጃለሁ የሚለውን ነካች። ሌላ ጥያቄ መጣ፦ ፈቃዱ እስከ መቼ? አንድ ቀን፣ አንድ ወር፣ ሁልጊዜ።

«እስከ መቼ ነው ይላል» አለች ስልኩን ወደ ጆሮዋ መልሳ።

ከወዲያ በኩል ፅጌ መለሰች። «አይ፣ እንዳናስቸግርሽ። የነገዋ ቀን ትበቃናለች።»

ሣህሊቱ ሦስቱንም አየቻቸው። ሁልጊዜ የሚለው እዚያው ነበር፣ ከታች።  ጣቷ ግን የታዘዘበት ሄደ። አንድ ቀን የሚለውን ነካች፣ ስክሪኑም አረንጓዴ ሆነ።

«ሆኗል» አለች።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ፅጌና ዘጋች።